ለአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የመምረጥ፣ የመግጠምና ትክክለኛውን ድራይቨር የማግኘት መመሪያ

ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ የገዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «በዚህ ማሽን ላይ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ (ሥዕል አዘጋጅቶ ወደ ሞኒተሩ የሚልከውን ክፍል) ልጨምርበት? ድራይቨሩንስ (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዝዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም) ከየት ላውርድ?» መልሱ የሚወሰነው በማሽኑ ፓወር ሳፕላይ፣ በኬዙ ስፋትና በሞኒተሩ ገመድ በመሆኑ በአንድ መስመር ጽፎ መላክ አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከተሠሩ ግን ካርድ ገዝቶ «አልገባም»፣ «አልበራም» ወይም «ድራይቨር አልቀበል አለ» ከማለት ያድናሉ።

ለማሳያነት የመረጥሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የተባለውን፣ ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ማሽን ነው። ሌላ ሞዴል ያለዎት ከሆነ አሠራሩ አይለወጥም፤ ቁጥሮቹን ብቻ በራስዎ ማሽን ቁጥሮች ይተኩ። አዲስ ካርድ መጨመር ሳይፈልጉ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ድራይቨር የጠፋብዎት ከሆነ ደግሞ ደረጃ 1ን አንብበው በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ኮምፒውተሩ የሚያስቸግርዎት ሲነሣና ፕሮግራም ሲከፍት በመዘግየት ከሆነ ግራፊክስ ካርድ አይረዳዎትም፤ ገንዘብዎን በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ካርድ የሚጠቅመው ጌም ሲቆራረጥ፣ የቪዲዮና የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ሲንቀረፈፉ፣ እንደ አውቶካድ ያሉ የንድፍ ሥራዎች ሲከብዱ ወይም ተጨማሪ ሞኒተር ማገናኘት ሲያስፈልግ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቪቴ
• አቧራ ለማራገፍ ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ
• ማስመሪያ ወይም ሜትር
• ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ
• ከካርዱ መውጫ ጋር የሚስማማ የሞኒተር ገመድ ወይም መቀየሪያ (በደረጃ 4 ይለያል)
• የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ እና የቀድሞ ድራይቨርን የሚያጸዳው ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር (በአጭሩ ዲዲዩ) የተባሉት ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች፣ አስቀድመው ወርደው በፍላሹ ላይ የተቀመጡ
• ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) የሚታደስ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ)

ደረጃ 1፦ ማሽኑን በትክክል ይለዩ

የስታርት ምልክቱን ተጭነው «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብለው ይፈልጉና ይክፈቱ። እዚያ ከሚመጡት መስመሮች አራቱን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የማሽኑን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የሲስተሙን ዓይነት (ኤክስ64 የሚል ከሆነ 64 ቢት፣ ኤክስ86 የሚል ከሆነ 32 ቢት ነው) እና የባዮስ ሞድ (ሌጋሲ የተባለው አሮጌ ወይም ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲስ የማስነሻ ዘዴ)።

እያንዳንዱ መስመር በኋላ ለአንድ ውሳኔ ያገለግላል። የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ቁጥሩ 390 ከሆነው የድራይቨር ተከታታይ በኋላ ለ32 ቢት ዊንዶውስ ድራይቨር ስለማያወጣ፣ 32 ቢት የተጫነበት ማሽን አዲስ ካርድ ከመገዛቱ በፊት በ64 ቢት ፎርማት መደረግ ይኖርበታል። የባዮስ ሞዱ ደግሞ ካርዱ ተገጥሞ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን ምክንያቱን ለመፈለግ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

የሞዴሉን ቁጥር ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ የኬዙን ዓይነትም ይለዩ። 7010 በአራት መጠን ተሠርቷል፤ ትልቁ ሚኒ ታወር፣ መካከለኛው ዴስክቶፕ፣ ቀጭኑ ስሞል ፎርም ፋክተርና ከሁሉም ትንሹ አልትራ ስሞል ናቸው። በአልትራ ስሞሉ ላይ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ስሎት ስለሌለ የዚህ ኬዝ ባለቤት ድራይቨሩን ከማስተካከል ያለፈ ነገር ማድረግ አይችልም።

ደረጃ 2፦ የፓወር ሳፕላዩን አቅም ያስሉ

ካርድ ገዝተው ከሚመልሱ ሰዎች ብዙዎቹ የዘለሉት ይህን ደረጃ ስለሆነ በጥንቃቄ ያንብቡት።

በፓወር ሳፕላዩ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ጠቅላላው ዋት ተጽፏል። በ7010 ላይ ሚኒ ታወሩ 275 ዋት፣ ዴስክቶፑ 250 ዋት፣ ስሞል ፎርም ፋክተሩ 240 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ ስሎት ሊወስድ የሚችለው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሳፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል፤ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምራል። የ7010 ፓወር ሳፕላይ ሁለቱም ገመዶች የሉትም። ስለዚህ ምርጫዎ ተጨማሪ ገመድ በማይጠይቁ ካርዶች የተወሰነ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር 77 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ በግምት 50 ዋት ቢወስዱ ድምሩ ወደ 200 ዋት ይጠጋል። በ275 ዋት ላይ በቂ ትርፍ አለ። በ240 ዋቱ ላይ ግን ለዓመታት የሠራ ፓወር ሳፕላይ አቅሙ መድከሙን ሲያስቡ 75 ዋት ካርድ መጫን አይመከርም፤ ከ50 ዋት የማይበልጥ ካርድ ይምረጡ። ከዚህም በተጨማሪ በአንዳንድ ቀጫጭን ሞዴሎች አምራቹ ለስሎቱ የፈቀደው ኃይል ከ75 ዋት በታች በመሆኑ የማሽኑን የአገልግሎት መመሪያ ከአምራቹ ገጽ አውርደው ይመልከቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳታ ከተባለው የዲስክ የኃይል ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ርካሽ መቀየሪያ በፍጹም አይጠቀሙ። በሳታው መሰኪያ ላይ 12 ቮልት የሚያስተላልፉት ሦስት እግሮች እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር ብቻ እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም በድምሩ 54 ዋት ማለት ነው። ካርዱ በዚያው ገመድ 75 ዋት ሲስብ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ፓወር ሳፕላዩን ለመቀየር የሚያስቡም ይኖራሉ። የ7010 ሚኒ ታወር ማዘርቦርድ የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ስለሚጠቀም ገበያ ላይ ያለ መደበኛ ፓወር ሳፕላይ ይቀበላል። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን የራሱ የሆነ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ስላለው ለብቻው የተሠራ መቀየሪያ ገመድ ካልተገኘ አይሆንም። የተለያየ መሰኪያ በግድ ለማስገባት መሞከር ማዘርቦርዱን ያቃጥለዋል።

ደረጃ 3፦ ስሎቱንና ቦታውን ይለኩ

ኬዙን ከፍተው ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበውን ረጅሙን ስሎት ይፈልጉ። በ7010 ሚኒ ታወር ላይ ሁለት ረጃጅም ስሎቶች ይታያሉ፤ ሰማያዊው ሙሉ 16 መስመር (መረጃ የሚያልፍበት መንገድ) ያለው ሲሆን ጥቁሩ መልኩ ቢመሳሰልም የሚሠራው በ4 መስመር ብቻ ነው። ካርዱ የሚሰካው በሰማያዊው ላይ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ነገሮችን ይለኩ። የመጀመሪያው ከኬዙ የኋላ ግድግዳ እስከ ሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ያለው ርዝመት ነው፤ ሁለት ፋን ያላቸው ረጃጅም ካርዶች ከዲስክ ማስቀመጫው ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ቀጫጭን ኬዞች የሚቀበሉት ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ስለሆነ ሲገዙ አጭሩ የብረት ማሰሪያ በሣጥኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ካርዱ አጭር ሆኖ ማሰሪያው ረጅም ከሆነ ኬዙ አይዘጋም። ያገለገለ ካርድ ሲሸጥ በአብዛኛው ጠፍቶ የሚገኘው ይኸው ማሰሪያ ነው።

ደረጃ 4፦ የሞኒተሩን ገመድ ከካርዱ ጋር ያስማሙ

በብዙ ቤትና ቢሮ ያሉት ሞኒተሮች ቪጂኤ የተባለው የቆየ ሰማያዊ መሰኪያ ብቻ ያላቸው ናቸው። ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ደግሞ የቪጂኤ ምልክት ከራሳቸው አያወጡም። በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ላይ ያለው ዲቪአይ መሰኪያም ዲጂታል ብቻ ስለሆነ ዋጋው ርካሽ የሆነውና ገመድ የሌለው ትንሹ የዲቪአይ-ቪጂኤ መቀየሪያ አይሠራበትም። ልዩነቱን በዓይን መለየት ይቻላል፤ በዲቪአይ መሰኪያው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ የቪጂኤ ምልክት አለው፣ ከሌሉ የለውም።

ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ በውስጡ ምልክት የሚለውጥ ቺፕ ያለበትን ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መቀየሪያ ይግዙ። ኳድሮ የተባሉትን የኤንቪዲያ ካርዶች የሚመርጡ ከሆነ እንደ ፒ620 ያሉት ትንሹን ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ስለሚጠቀሙ የመቀየሪያውን ዋጋ ከካርዱ ዋጋ ጋር ደምረው ያስቡ።

ደረጃ 5፦ ካርዱን ይምረጡ፣ ከመክፈልዎ በፊትም ይፈትሹ

ከላይ ያሉትን አራት መስፈርቶች የሚያልፉ ካርዶች ጥቂት ናቸው። ለሚኒ ታወር ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ጂቲኤክስ 1650 ወይም ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተስማሚ ነው፤ ሁለቱም 75 ዋት ናቸው። ጂቲኤክስ 1650 በአንዳንድ አምራቾች ዘንድ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ተጨምሮበት ስለሚሠራ የካርዱን ጫፍ ሳያዩ አይግዙ። የሁለቱ ዋጋ ከተቀራረበ 1650ን ይውሰዱ፤ ምክንያቱ በደረጃ 6 ላይ ተብራርቷል። ለቀጭኑ ኬዝ 30 ዋቱ ጂቲ 1030 ወይም 40 ዋቱ ኳድሮ ፒ620 ይሆናል።

ጂቲ 1030 በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። ጂዲዲአር5 ሚሞሪ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዲዲአር4 ያለው 16.8 ጊጋባይት ብቻ ያስተላልፋል። በጌም ላይ ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ በመሆኑ በሣጥኑ ላይ ወይም በጂፒዩ-ዚ የሚሞሪውን ዓይነት ሳያዩ አይክፈሉ። ቪዲዮ ለመቅዳትና ለማቀናበር የሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ ጂቲ 1030 ቪዲዮን የሚጨምቅ የራሱ ክፍል እንደሌለው ይወቁ። የኤኤምዲው አርኤክስ 6400ም ይህ ክፍል የለውም፤ በዚያ ላይ የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ በመሆኑ በአሮጌ ማሽን ስሎት ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሐሰተኛ ካርዶች በገበያው ውስጥ አሉ። የተለመደው አሠራር ጂቲኤስ 450ን ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይን የመሰለ የቆየ ካርድ በላዩ ያለውን የራሱን ባዮስ ቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ መሸጥ ነው። ዊንዶውስም የተጻፈለትን ስም አምኖ ያሳያል። በሦስት መንገድ ይለዩታል። አንደኛ፣ 1050 ቲአይ ተብሎ የቀረበ ካርድ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ካለው ይጠራጠሩ። ሁለተኛ፣ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ጂፒዩ-ዚን ከፍላሽዎ ያስነሡ፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ያሉት ቅጂዎች በብዙ ሐሰተኛ ካርዶች ስም ፊት «ፌክ» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። ሦስተኛ፣ በዚያው መስኮት «ሼደርስ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ 768፣ ተመሳስሎ የሚሸጠው 192 ያሳያል።

ሻጩ ካርዱን ሰክቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ካርዱ በሥራ ላይ እያለ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ከባድ ጌም ወይም መፈተኛ ፕሮግራም ሲያስኬድ ካልታየ ጉዳቱ አይገለጥም።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን ድራይቨር ያግኙ

ለአሮጌ ካርድ የሚያስፈልገው ድራይቨር ያንን ካርድ ከሚደግፉት መካከል የመጨረሻው ነው። አዲሱን ድራይቨር ለቆየ ካርድ ካወረዱ «ተስማሚ ዕቃ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሰጥቶ ይቋረጣል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

በማሽኑ ላይ ያለው ካርድ ምን እንደሆነ ካላወቁ እንደሚከተለው ይለዩት። የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርገው «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር ያለውን ስም ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉ፤ «ዲቴይልስ» ወደሚለው ይሂዱና ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ»ን ይምረጡ። ከሚመጡት መስመሮች «ቬን» ከሚለው በኋላ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይናገራሉ፤ 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ ነው። «ዴቭ» ከሚለው በኋላ ያሉት አራቱ ደግሞ ትክክለኛውን ቺፕ ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 1380 ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ነው።

ይህ ቁጥር ከካርዱ ስም የበለጠ የሚታመንበትን ምክንያት ጂቲ 730 በደንብ ያሳያል። በዚህ ስም ከተሸጡት ካርዶች ቁጥሩ 0ኤፍ02 የሆነው ፌርሚ የተባለውን የቆየ ቺፕ የያዘ ሲሆን፣ 1287 የሆነው ኬፕለር የተባለውን አዲሱን ይዟል። የሚቀበሉት የመጨረሻ ድራይቨርም የተለያየ ነው።

ትውልዱን ካወቁ በኋላ ድራይቨሩን እንደሚከተለው ይፈልጉ።

ሀ. ኤንቪዲያ። ለፌርሚ ካርዶች (ጂቲ 430፣ ጂቲ 440፣ ጂቲኤስ 450 እና መሰሎቻቸው) እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን 391.35 ያውርዱ። ለኬፕለር ካርዶች (ጂቲ 710፣ ጂቲኤክስ 650 እና መሰሎቻቸው) ቁጥሩ በ47 የሚጀምረውን ይፈልጉ። ማክስዌልና ፓስካል የተባሉት፣ ማለትም ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ ጂቲ 1030 እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ የሚያርፉት በ580 ተከታታይ ላይ ነው፤ ለእነዚህ ለጌም የሚወጣው መደበኛ ድራይቨር በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025) አብቅቷል፤ የደኅንነት ማስተካከያ ግን እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አስታውቋል። ጂቲኤክስ 1650 ከዚህ በኋላ የመጣ ትውልድ በመሆኑ በዚህ ውሳኔ አልተነካም፤ በደረጃ 5 ላይ እሱን ያስቀደምሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. ኤኤምዲ። የኤችዲ 7000፣ የአር7 እና አር9 200 እና 300 ተከታታይ ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2021 ከመደበኛው ድጋፍ ወጥተዋል። ለእነዚህ በራሱ ፈልጎ የሚያወርደውን ፕሮግራም ትተው በኤኤምዲ ገጽ ላይ የካርዱን ስም መርጠው በዚያ ገጽ ሥር የተቀመጠውን ፋይል ይውሰዱ።

ሐ. ኢንቴል። በሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኤችዲ 2500 ወይም ኤችዲ 4000 የ15.33 ተከታታይን፣ በአራተኛ ትውልድ ያለው ኤችዲ 4600 የ15.40 ተከታታይን ይቀበላል። ከኢንቴል ያወረዱት ፋይል «ለዚህ ኮምፒውተር አልተፈተሸም» ብሎ ቢያቆም ከዴል ወይም ከኤችፒ ገጽ በማሽኑ ሞዴል ፈልገው ያውርዱ፤ አምራቾቹ አንዳንድ ጊዜ የራሳቸውን ቅጂ ብቻ እንዲቀበል ያደርጋሉ።

የኤንቪዲያ ድራይቨሮች በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚወስዱ በሞባይል ዳታ የሚያወርዱ ከሆነ ቁጥሩን፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና 64 ቢት መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው ያውርዱ። ፋይሉን በፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ ፎርማት በተደረገ ቁጥር እንደገና ማውረድ አይኖርብዎትም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ አዘምናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ። በአሮጌ ማሽን ላይ የማይስማማ ድራይቨር ይጭናሉ፣ ብዙዎቹም ያልጠየቁትን ሌላ ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ።

ደረጃ 7፦ ማሽኑን ያዘጋጁ

አስፈላጊ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ዊንዶውስን ወደ ነበረበት የሚመልስ የሪስቶር ፖይንትም ይፍጠሩ። ከዚያ የማሽኑን ባዮስ በአምራቹ ገጽ ካለው የመጨረሻ ቅጂ ጋር ያመሳክሩ። የቆዩ ማሽኖች ከእነሱ በኋላ የወጣን ካርድ ሳያውቁት ሲቀሩ ችግሩን የሚፈታው ብዙ ጊዜ የባዮስ እድሳት ነው። እድሳቱን ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከዚያ በኋላ ላይነሣ ይችላል። ዩፒኤስ ከሌለዎት ካርዱን መጀመሪያ ገጥመው ይሞክሩ፤ ያለችግር ከሠራ ባዮሱን መንካት አያስፈልግም።

በማሽኑ ላይ ቀድሞ ሌላ ካርድ ከነበረ የእሱን ድራይቨር ያስወግዱ። ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ (በጣም አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ) ያስነሡ፣ ዲዲዩን ከፍተው የአምራቹን ስም ከመረጡ በኋላ አጽድቶ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋውን ምርጫ ይጫኑ። ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው ዊንዶውስ አፕዴት በመካከል ገብቶ የራሱን ድራይቨር እንዳይጭን ነው። ማሽኑ እስከ አሁን በኢንቴሉ ግራፊክስ ብቻ ሲሠራ ከነበረ ዲዲዩ አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ካርዱን ይግጠሙ

1. ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኃይል ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከዚያም የማስነሻ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀር ኃይል ስላለ በዚህ መንገድ ይወጣል።

2. ኬዙን በጎኑ አስተኝተው ክዳኑን ይክፈቱ። አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ፤ የፕሮሰሰሩን ፋን በጣትዎ ይዘው ይጥረጉት። በስሎቱ ውስጥ የገባ አቧራ ካርዱ ከእግሮቹ ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ያደርጋል።

3. ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ፤ በሥራው መካከልም ደጋግመው ይንኩ። በሰውነትዎ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሳይሰማዎት የካርዱን ቺፕ ሊጎዳ ስለሚችል ምንጣፍ ላይ ቆመው ወይም የሱፍ ልብስ ለብሰው አይሥሩ።

4. ከስሎቱ ትይዩ ያለውን የኋላ መዝጊያ ብረት ያውጡ። በኦፕቲፕሌክስ ላይ ሰማያዊ ማንሻ አለ፣ በሌሎች ላይ በብሎን የታሠረ ነው።

5. ካርዱን በሁለት ጫፎቹ ይዘው ከስሎቱ ጋር ቀጥ ካደረጉ በኋላ ሁለቱንም ጎን እኩል እየገፉ ያስገቡት። በስሎቱ ጫፍ ያለው ማቆሚያ «ቀጭ» ሲል ገብቷል ማለት ነው። የወርቅማው እግር ከፊሉ ከውጭ የሚታይ ከሆነ አልገባም፤ አውጥተው እንደገና ይሞክሩ፣ በኃይል አይግፉ።

6. ማሰሪያውን በብሎን ወይም በማንሻው ያጥብቁ። ያልታሰረ ካርድ የሞኒተሩ ገመድ በተነካ ቁጥር ከስሎቱ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ የትኛውም ገመድ የካርዱን ፋን እንዳይነካ አስተካክለው ክዳኑን ይዝጉ።

7. የሞኒተሩን ገመድ ከአዲሱ ካርድ መውጫ ጋር ያገናኙ። ማሽኑ ካርዱን ሲያገኝ የማዘርቦርዱን መውጫ ስለሚዘጋው ገመዱን በድሮው ቦታ የተወ ሰው ምንም ሥዕል አያይም።

ደረጃ 9፦ ድራይቨሩን ይጫኑ

ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ሳያገናኙ ያስነሡ። ሥዕሉ ትልልቅና ደብዘዝ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ዲቫይስ ማኔጀርም «ማይክሮሶፍት ቤሲክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብሎ ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። በፍላሽ ያስቀመጡትን ፋይል ያስነሡ። በኤንቪዲያ ላይ «ከስተም»ን ከመረጡ በኋላ «ክሊን ኢንስታሌሽን» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የቀድሞው ድራይቨር ቅሪት ካለ ያጠፋዋል። በመካከል ስክሪኑ ደጋግሞ ሊጠፋና ሊበራ ስለሚችል አይደንግጡ፣ ኮምፒውተሩንም አያጥፉት። ሲጨርስ ሪስታርት ያድርጉ፤ ኢንተርኔቱን የሚያገናኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 10፦ በትክክል መሥራቱን ያረጋግጡ

ጂፒዩ-ዚን ይክፈቱና «ባስ ኢንተርፌስ» የሚለውን መስመር ይመልከቱ። ካርዱ ሥራ በማይሠራበት ጊዜ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ 1.1 ሊያሳይ ይችላል፤ አጠገቡ ያለውን የጥያቄ ምልክት ክሊክ አድርገው መፈተኛውን ሲያስጀምሩት ከፍ ማለት ይኖርበታል። 16 መስመር ያለው ካርድ 4 መስመር ብቻ ካሳየ የተሳሳተ ስሎት ላይ ተሰክቷል ወይም በደንብ አልገባም።

ከዚያ «ሴንሰርስ» ወደሚለው አልፈው ጌም ወይም የቪዲዮ ሥራ ለግማሽ ሰዓት ያህል እያስኬዱ ሙቀቱን ይከታተሉ። ከ80 ዲግሪ በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ያለማቋረጥ ከ85 በላይ ከወጣ የኬዙን አየር መግቢያ ያጽዱ፤ ያገለገለ ካርድ ከሆነም በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ያስቀይሩት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ፋኑም በዝቅተኛ ቦታ የሚያቀዘቅዘውን ያህል አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ማሽኑን ከግድግዳና ከጠረጴዛ ሥር ከተዘጋ ቦታ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።

ተደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ስክሪኑ ከመጀመሪያው ጨለማ ከሆነ፦ ገመዱ በካርዱ ላይ መሆኑንና ካርዱ እስከ መጨረሻው መግባቱን ያረጋግጡ። ካልተፈታ ካርዱን አውጥተው በማዘርቦርዱ መውጫ ያስነሡና ወደ ባዮስ ይግቡ (በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10)። ካርዱ በዕድሜ የገፋ ሆኖ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ሴኪዩር ቡትን አጥፍተው «ሌጋሲ ኦፕሽን ሮምስ» የሚለውን ያብሩ። ዋናውን የቡት ሞድ ግን ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ወይም በተቃራኒው አይቀይሩት፤ ዊንዶውሱ የተጫነው በነበረው ሞድ ስለሆነ አይነሣም።

ኮድ 28 ከታየ፦ ድራይቨሩ ጨርሶ አልተጫነም፤ ወደ ደረጃ 9 ይመለሱ።

ኮድ 43 ከታየ፦ ካርዱ ራሱ ችግር እንዳለበት ለዊንዶውስ አሳውቋል ማለት ነው። በዲዲዩ አጽድተው ትክክለኛውን ድራይቨር እንደገና ይጫኑ። ከዚያ በኋላም ከተመለሰ በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት፤ እዚያም ካሳየ ካርዱ የተጎዳ ወይም ባዮሱ የተቀየረ ነው።

ሁሉ ነገር ሠርቶ ከቀናት በኋላ ከተበላሸ፦ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሩን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። በዲቫይስ ማኔጀር የካርዱን ስም ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው «ድራይቨር» በሚለው ሥር «ሮል ባክ»ን ይጫኑ። ዳግም እንዳይቀይረው በስታርት «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ብለው ፈልገው «ኖ» የሚለውን ይምረጡ።

ጌም ሲጀመር ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ወይም ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ፦ ምክንያቱ በአብዛኛው የፓወር ሳፕላዩ አቅም ማነስ ነው። ድራይቨር በመቀያየር አይፈታም፤ የደረጃ 2ን ስሌት እንደገና ይሥሩ።

በስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፦ ገመዱንና ሞኒተሩን ቀይረው ያረጋግጡ። መስመሩ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በአምራቹ አርማ ላይም የሚታይ ከሆነ የተጎዳው የካርዱ ሚሞሪ ስለሆነ ከሻጩ ጋር የተስማሙበት የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ካርዱን ይመልሱ።